ከፊት የሚከብድ የአየር ጠመንጃ፦ ቱቦውን አትቁረጠው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። በገበያና በበዓል ቀን ኢላማ አስተኩሳለሁ። ጠመንጃዬ ቱቦው ታጥፎ የሚቀባበል፣ በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ችግሩ ከፊት በጣም ይከብዳል። ደንበኞቼ ሁለት ሦስቴ ተኩሰው እጃቸው ይዝላል። ጥይቱም እዚህም እዚያም ይበተናል። ‹ጠመንጃህ ጠማማ ነው› እያሉ ብራቸውን መልስ ይሉኛል። ብየዳ ቤት ያለ ጓደኛዬ ‹ቱቦውን አንድ ስንዝር እንቁረጠውና ይቀልሃል› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹እርሳስ አቅልጠህ ሰደፉ ውስጥ አፍስስበት› ይላል። የቱ ይሻለኛል?»

መልስ፦ የቱም አይሻልህም። ቱቦው አይቆረጥም፤ የቀለጠ እርሳስም እንጨት ውስጥ አይፈስም። የእርሳሱ ሐሳብ እንኳ መጥፎ አልነበረም፤ አካሄዱ ነው የተበላሸው። እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ሁለት ነገር ደባልቀሃልና እንለየው። የእጅ መዛል አንድ ጉዳይ ነው፤ የጥይት መበተን ሌላ ጉዳይ ነው። የእጅ መዛሉ ከሚዛን ይመጣል። መበተኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሚዛን አይመጣም። ጠመንጃውን እንደ ላባ ብታቀለው እንኳ ጥይቱ እንደተበተነ ሊቀጥል ይችላል።

ከመበተኑ እንጀምር፤ ብር የሚያስመልስህ እሱ ነዋ። የባሩድ ጠመንጃ ወደ ኋላ እንደሚራገጥ እናንተ አገር የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሞላ ጠመንጃ ግን ሁለት ጊዜ ይራገጣል። ምላጩ ሲሳብ ተጨምቆ የቆየው ሞላ ይለቀቅና ፒስተኑን፣ ማለት አየሩን የሚገፋውን ብረት፣ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። ቀጥሎ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቅ ይጨምቅና መሄጃ ሲያጣ ድንገት ይቆማል። ያኔ ጠመንጃው ወደ ፊት ይነጠራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥይቱ ገና ከቱቦው አልወጣም። ነገሩ የሰከንድ መቶኛ ገደማ ነው የሚፈጀው። ዓይን አይደርስበትም፤ ጠመንጃው ግን ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

ስለዚህ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ማነጣጠሩ ብቻ አይደለም። በዚያች ቅጽበት ጠመንጃው እንዴት እንደተያዘም ይወስናል። አንዱ ደንበኛህ አንቆ ይይዘዋል። ሌላው ላላ አድርጎ ይይዘዋል። ሦስተኛው ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፋል። ሦስቱም ልክ አንድ ቦታ ቢያነጣጥሩ ጥይታቸው ሦስት ቦታ ነው የሚያርፈው። ከባሩድ ጠመንጃ የመጣ ጎበዝ ተኳሽ የሞላ ጠመንጃ ላይ የሚያፍረውም ለዚህ ነው። አጥብቆ መያዝ ለምዷል። ይሄኛው ደግሞ አጥብቀው ሲይዙት ያኮርፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሳመኑ ነው የሚከብደው። የፊት እጅ ጠመንጃውን አይጨብጥም። መዳፍ ተዘርግቶ ጠመንጃው እላዩ ላይ ያርፋል። ሰደፉ ትከሻ ላይ ይነካል እንጂ አይጫንም። ጠመንጃው እንደ ልቡ ይራገጥ፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይራገጥ። መደገፊያ ጠረጴዛ ካለህ የጠመንጃውን እንጨት በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጠው። አሮጌ ጋቢ ጠቅልለህ አስቀምጥ፣ የተኳሹ እጅ ጋቢው ላይ ይረፍ፣ ጠመንጃው ደግሞ እጁ ላይ ይረፍ። ቱቦውን ራሱን ግን ማንም ምንም ላይ እንዳያስደግፈው።

ደንበኛን ከመውቀስህ በፊት ደግሞ ጠመንጃውን ራሱን መርምር። ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ አለመቀባበሉንም እይ። ከዚያ እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ፈትሽ። ብዙ ጊዜ ከፊት በግራና በቀኝ አንድ አንድ፣ ከምላጩ ቀለበት ጋር ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ይኖራሉ። ያ ወደ ኋላ ወደ ፊት የሚለው ርግጫ ብሎን ያላላል። ቀኑን ሙሉ የሚተኮስበት ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይላላል። የብሎኑን ራስ በልኩ በሚገጥም ካቻቪቴ አጥብቀው። እንጨቱን እስኪሰብር ግን አታጥብቅ። ቀጥሎ ቱቦውን በትንሹ ከፈት አድርገህ ወደ ጎን ወዝውዘው። ቢነቃነቅ የማጠፊያው ብሎን ላልቷል ወይም ተበልቷል ማለት ነው። ቱቦው በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ የተለየ ቦታ ላይ ከገጠመ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ቢመጣ ያው ነው።

የአየር መፍሰስንም በሶፍት ታውቀዋለህ። ቱቦው ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት መገጣጠሚያ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አስቀምጥና ወደ ኢላማው ተኩስ። ሶፍቱ ብድግ ካለ መገጣጠሚያውን የሚያሽገው ጎሚኒ አልቋል፤ ይቀየር። ዘይት ግን አታፍስበት! ይሄን የምለው አንድ ጊዜ የባጃጅ ዘይት የተጋተ ጠመንጃ ስለመጣልኝ ነው። ሲተኩስ ጭስ ይወጣዋል፣ ድምፁም ይፈነዳል። ባለቤቱ «ጉልበት ጨመረ» ብሎ ደስ ብሎታል። አየሩ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ ዘይቱ ልክ የናፍጣ ሞተር ውስጥ እንዳለው ይቀጣጠላል። የፒስተኑን ጎሚኒ ያቃጥላል፣ ሞላውንም ይሰብራል። ሌላው የመበተን ምክንያት ደግሞ አንዴ ተተኩሶ ሰሌዳ ላይ የተጣመመ ጥይት ለቅሞ መልሶ መጠቀም ነው። አንተ ታደርገዋለህ አላልኩም፤ ግን የሚያደርጉ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ዱላ ታውቃለህ፤ ጎጃሜ ለሆነ ሰው የዱላን ጠባይ እኔ አላስተምረውም። ራሱ ወፈር ያለ ዱላ ቀጭን ጫፉን ይዘህ ወደ ፊት ብትዘረጋው ወዲያው እጅህን ይጥለዋል። ወደ ራሱ ጠጋ ብለህ ብትይዘው ግን ምንም አይመስልህም። ዱላው ያው ነው፤ ክብደቱም አልቀነሰም። የተቀየረው እጅህ ካለበት ቦታ እስከ ዱላው ሚዛን ያለው ርቀት ነው። የጠመንጃህም ነገር ይኸው ነው። «ከበደ» የሚለው ደንበኛህ የሚያማርረው ኪሎውን ሳይሆን ርቀቱን ነው።

የጠመንጃውን ሚዛን ለማግኘት ሁለት አመልካች ጣቶችህን ዘርጋ። ባዶውን ጠመንጃ አጋድመህ አንዱን ጣት ከሰደፉ በኩል፣ ሌላውን ከፊት በኩል አድርገህ አንሳው። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ቀስ እያደረግህ አቀራርባቸው። አንዴ ይሄኛው ይንሸራተታል፣ አንዴ ያኛው። በመጨረሻ የሚገናኙበት ቦታ የጠመንጃው ሚዛን ነው። በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሰው በተለመደው አያያዙ እንዲያነጣጥር አድርግና የፊት እጁ የት እንደሚያርፍ እይ። ምልክቱ ልክ መዳፉ ላይ ወይም ከመዳፉ ትንሽ ወደ ፊት ከሆነ ጤናማ ነው። ከመዳፉ አንድ ጋት ያህል ወደ ፊት ከራቀ ግን ችግርህ እውነተኛ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ የተሳሳተ ነገር ላስተካክል። ብዙ ሰው ከፊት የሚከብድ ጠመንጃ ሁሉ መጥፎ ይመስለዋል። አይደለም። ቆሞ ለሚተኩስ ሰው አፈሙዙ ትንሽ ከበድ ማለቱ ይጠቅማል፤ በትንሹም በትልቁም አይንቀጠቀጥም። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ኦሊምፒክ የገባው በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ዛሬ እዚያ የሚያዘው ጠመንጃ እስከ 5.5 ኪሎ ይፈቀድለታል። ተወዳዳሪዎቹ ማቅለል አይደለም፣ እንዲያውም ክብደት ይጨምሩበታል። በእርግጥ የእነሱ ጠመንጃ ሞላ የለውም፤ በታመቀ አየር ነው የሚሠራው። ተኳሾቹም ክርናቸውን ወገባቸው ላይ አሳርፈው የሚተኩሱ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ያንተ ደንበኛ ግን ገበያ ውሎ፣ በአንድ እጁ ዶሮ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ለእሱ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይምጣለት። ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አታምጣው፤ ከኋላ የሚከብድ ጠመንጃ አፈሙዙ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል።

የጓደኛህ መጋዝ ለምን እንደማይሆን ልንገርህ። ያንተ ጠመንጃ ላይ ቱቦው ጥይት ማውጫ ብቻ አይደለም፤ ሞላውን የምትጨምቅበት ማንሻም ነው። ከማጠፊያው እስከ እጅህ 40 ሴንቲ ሜትር ነበር እንበል። 10 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጥ 30 ይቀራል። በ15 ኪሎ ጉልበት ይቀባበል የነበረው አሁን 20 ኪሎ ይጠይቅሃል። ቀኑን ሙሉ የምታቀባብለው አንተ ነህ፤ ማታ ትከሻህ ይነግርሃል። ሌላው የፊቱ ማነጣጠሪያ ከተቆረጠው ጋር ይሄዳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የአፈሙዙ ጫፍ ነው። ጥይቱ መጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው። በብረት መጋዝ ተቆርጦ በሞረድ የተስተካከለ ጠርዝ በአንድ በኩል አየሩን ቀድሞ ይለቅና ጥይቱን ይገፈትረዋል። ያኔ ጠመንጃህ በእርግጥም ጠማማ ይሆናል።

ስለዚህ ከፊት አትቀንስም፤ ከኋላ ትጨምራለህ። ስንት? ሒሳቡ የእህል ነጋዴ ሒሳብ ነው። ጠመንጃህ 3 ኪሎ ነው እንበል፤ ሚዛኑን 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ፈለግህ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ። ክብደቱን የምትጨምረው ሰደፉ መጨረሻ ላይ ከሆነና ያ ቦታ ከአዲሱ ሚዛን 45 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ዘጠኝን ለ45 ታካፍላለህ። 0.2 ኪሎ፣ ማለት 200 ግራም ይወጣል። ያንኑ ሥራ ከሚዛኑ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቀህ ልሥራው ብትል 450 ግራም ያስፈልግሃል። ለዚህ ነው ክብደቱ ወደ ሰደፉ ጫፍ የሚሄደው። 200 ግራም እርሳስ ደግሞ የቡና ሲኒ ሩብ ያህል ቦታ ነው የሚይዘው። ጠቅላላ ክብደቱ 3.2 ኪሎ ይሆናል፤ ደንበኛህ ግን «ቀለለ» ይልሃል። አንዳንዱ ያቀለልከው ይመስለዋል፤ አትከራከረው።

እንጨት ከመብሳትህ በፊት ሞክረው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ 200 ግራም አሸዋ ወይም ብሎን ጨምረህ ሰደፉ ላይ በፕላስተር ጠፍንገህ እሰረው። እንዳይንቀሳቀስ ይሁን። አንድ ሁለት ገበያ ሥራበት። ከበዛ ቀንስ፣ ካነሰ ጨምር። ሰው ሁሉ ይህችን ነገር ይዘላታል። እኔም ዘልያት፣ ቸኩዬ በሰርሳሪ የአንድ ሰው ሰደፍ ሰንጥቄ ከኪሴ ከፍያለሁ።

መጠኑን ካወቅህ በኋላ የሰደፉን የኋላ ክዳን ፍታ፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ብሎን ነው የሚያዘው። አንዳንዱ ሰደፍ ውስጡ ቀድሞውኑ ክፍት ነው፤ ያኔ ግማሽ ሥራ ተቃለለልህ። ካልሆነ ጥሩ አናጢ ዘንድ ውሰደውና ከኋላ ወደ ፊት፣ ወፍራሙ የሰደፍ ክፍል መሀል ላይ ቀዳዳ ያውጣልህ። እጅ የሚጨበጥበት ቀጭኑ አንገት ድረስ እንዳይደርስ አደራ በለው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። እርሳሱን በጥቃቅን ቁራጭ ወይም አሮጌ ጥይት አድርገህ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቀው። ከዚያ የቀለጠ ሰም አፍስስበት። ሰም ለጎጃም ሰው ከየት ይመጣል ብዬ አልጨነቅም። ሰሙ ሲረጋ እርሳሱን አንቆ ይይዛል። ነገ ሐሳብህን ብትቀይር ደግሞ አሙቀህ ታወጣዋለህ። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ከቀረ የደከምክበት ሁሉ ገደል ገባ፤ በየርግጫው ቦታ የሚቀይር ክብደት ጥይቱንም ቦታ ያስቀይረዋል።

እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ ለምን እንደማይሆን ከዚህ ይገባሃል። የቀለጠ እርሳስ ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እንጨቱን ያከስለዋል። እርጥበት ካገኘ ይፈነጥቃል፣ ፊትህ ላይ ይመጣል። ጭሱና ብናኙም መርዝ ነው። ጠንካራውን እርሳስ እንኳ ነክተህ ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ። ጥይት አፉ ውስጥ ይዞ የሚጫወት ልጅ ካየህ ወዲያው አስተፋው።

ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ ግን ያንተን ችግር አይፈቱም። ቴሌስኮፕ ብታስር ክብደቱ ከላይ ስለሚሆን ጠመንጃው ወደ ጎን መገልበጥ ይፈልጋል። ለሞላ ጠመንጃ ያልተሠራ ከሆነም ያ ወደ ፊት የሚነጠረው ርግጫ ውስጡን ያፈርሰዋል። አጭር ሰው እንዲመቸው ሰደፉን መቁረጥ ደግሞ ከኋላ ስለሚያቀልል አፈሙዙን ይበልጥ ያከብደዋል። አዲስ ሰደፍ ላሠራ ካልክ ዋንዛ ይቀረጻል፣ ያምራል፣ ግን ቀላል እንጨት ስለሆነ ይኸው ችግር ይብስብሃል። ወይራ ከባድ ነው፤ ሚዛኑን ወደ ኋላ ያመጣልሃል፤ አናጢው ግን ይራገምሃል።

ሦስት ነገር አስጠነቅቅሃለሁ። አንደኛ፣ አንተ ብቻ አቀባብል፤ ደንበኛ አያቀባብል። ቱቦው ታጥፎ ሳለ ምላጩ ከተሳበ ቱቦው በሞላው ኃይል ይመለሳል። ጣት ይቆርጣል፣ ቱቦውንም ያጣምመዋል። ጥይት ሳትጨምርም አታስተኩስ፤ ፒስተኑን የሚያቆመው አየር ስለሌለ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሁለተኛ፣ የኢላማው ጀርባ ጠንካራ ብረት ወይም ድንጋይ አይሁን፤ ጥይቱ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል። አሮጌ ጨርቅ የታጨቀበት ወፍራም ሳጥን ይሻላል። ከኋላውም ሰው የሚያልፍበት መንገድ አይኑር።

ሦስተኛው የጊዜው ነገር ነው። ከሩቅ የሚያይህ ሰው ሞላ ይሁን ባሩድ አይለይም። አፈሙዙ ላይ ድምፅ ማፈኛ የሚመስል ክብደት፣ ወይም የጦር መሣሪያ የሚያስመስል ቀለምና ማንጠልጠያ አታድርግበት። ስትሄድና ስትመጣ ቱቦው በትንሹ ብቻ ተከፍቶ፣ ሳይቀባበል፣ ባዶ ሆኖ ይሁን። ቦታህንና ሥራህን የአካባቢህ ፖሊስ አስቀድሞ ይወቀው። ፈቃድ ያስፈልጋል ካሉህ ፈቃዱን ሳትይዝ አትውጣ። የተረበሸ ቀን ከሆነም ጠመንጃው ቤት ይዋል፤ የአንድ ቀን ገቢ ይቅር።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። መጋዙን ለጓደኛህ መልስለት። ዛሬውኑ ብሎኖቹንና ማጠፊያውን አጥብቅ፣ ጎሚኒውን ፈትሽ፣ ጋቢውን ጠቅልል፣ ደንበኛ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ እንዲይዝ አድርግ። ብር መልስ የሚልህ ሰው ቁጥር በዚህ ብቻ ይቀንሳል። እጅ መዛሉ ከቀጠለ በካልሲው ሞክር፣ ከዚያ 200 ግራም አካባቢ ከኋላ አስገባ። ከ300 ግራም በላይ ካስፈለገህ ግን ቁም። ያ ጠመንጃ ለገበያ ኢላማ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው፤ ሸጠህ አነስ ያለና ቀለል ያለ ሞላ ያለው ግዛ።

ክብደቱን ካስገባህ በኋላ ማነጣጠሪያው እንደ ድሮው ልክ ነው ብለህ አትመን፤ ጠመንጃው የሚራገጥበት መንገድ ተቀይሯል። ከተለመደው ርቀትህ አምስት ጥይት በአንድ አያያዝ ተኩስ። አምስቱ ተቀራርበው ግን ከመሀል ወጣ ብለው ካረፉ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድልህ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ግፋው። ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለግህ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ እንዲወጣ ከፈለግህ ወደ ላይ። አምስቱ ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያውን አትንካው፤ ወደ ብሎኖቹ ተመለስ።